ማንም ያልነካት ካንዴላ

ድሬዳዋ ላይ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተ አይታችሁ ከሆነ ያ ሰውዬ የቆመው ሌላ ከተማ ነው። እዚህ ኮፈን መክፈት ማለት ድግስ መጥራት ማለት ነው። ገና ብረቷን ደግፋችሁ ቀና ሳትሉ አንዱ ከባጃጁ ይወርዳል፣ ሌላው ከሱቁ ደጃፍ ወንበሩን ይዞ ይመጣል፣ ሦስተኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ብቻ አንገቱን ከአንገታችሁ አጠገብ አስገብቶ "ባትሪ ነው" ይላል። ባትሪ አለመሆኑን እሱም ያውቃል። "ባትሪ ነው" እኛ ጋ ሰላምታ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ከዚያ ክርክሩ በአማርኛ ይጀመራል፣ ሲጋጋል ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፣ ስድቡ ላይ ሶማሊኛ ይገባል፣ ዕርቁ ደግሞ በዐረብኛ ይዘጋል። መኪናው ላይነሳ ይችላል። እናንተ ግን በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ዘመድ አፍርታችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።

ይህን የምለው ልማዱን ለማማት አይደለም። እኔም ተወልጄ ያደግኩበት ነው፤ የሰው ኮፈን ውስጥ አንገቴን ስከት ስንት ምሳ እንደቀዘቀዘብኝ ባለቤቴን ጠይቋት። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ሌላው ጠባያችን ነው። ሌላ ቦታ አንድ ነገር ተሰብሮ "ማን ሰበረው?" ሲባል ሰው ሁሉ ወደኋላ ይላል አሉ። እኛ ጋ ግን ሰበረ የተባለው ሰው የሚወደድ ከሆነ ሰው ሁሉ ወደፊት ይመጣል። "እኔ ነኝ!" "ኧረ አቦ፣ እኔ ነኝ!" ጥፋቱን ይናጠቁታል። እውነተኛው ጥፋተኛ መሐል ገብቶ ልናገር ቢል ተራ አያገኝም። ለጨዋታ ያልኩት መስሏችሁ እንዳታልፉት። ተራ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ "ቲቸር" ይሉኛል፣ ሰፈሩ "ቲቸር" ይለኛል፣ ባለቤቴም ስትቆጣ "ቲቸር" ትለኛለች። በየዓመቱ ስለ ቀላል መሣሪያዎች የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ብሎን እሥልና ጠመኔዬን ቀስሬ "ብሎን ማለት በምሰሶ ላይ የተጠመጠመ ዳገት ነው" እላለሁ። ቆንጆ አባባል ናት፤ ስናገራት ራሴንም ደስ ትለኛለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስናገራት ግን መኪና ላይ አንድም ብሎን በእጄ አስገብቼ አላውቅም ነበር። ተማሪዎቼ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

መኪናዬ ከማስተምራቸው ልጆች ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ አሮጊት ኮሮላ ናት። ሐኪሟ ጋሽ ሙሜ ነው። (ጋሽ እያልን "አንተ" ማለታችን ከከፋችሁ ይቅርታ፤ "እርስዎ" ደጋ ነው የለመደው፣ የድሬ ሙቀት አይስማማውም።) ጋሽ ሙሜ ሙያውን የቀሰመው በጎረምሳነቱ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ከዚያ ሲወጣ መጋላ ሰፈር ጫፍ፣ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ መውረጃው ላይ፣ አንዲት ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ሳጥኑን አስቀመጠ። ጋራዡ ይህቺ ዛፍ ናት። በር የላት፣ ታፔላ የላት። ግንዷ ላይ ከላይ ወደ ታች ስምንት ሚስማር ተመትቷል፤ መኪና ያመጣ ሰው ቁልፉን ባዶው ሚስማር ላይ ሰቅሎ ይሄዳል፣ ጋሽ ሙሜ ከላይኛው ጀምሮ በየተራ ይሠራል። ወረፋ የሚባለው ይኸው ነው። በዚያች ዛፍ ላይ በቁልፍ ተራ የተጣላ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከዛፏ ሥር ደግሞ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አስር ሰዓት ግድም፣ ወንበሩ ይሞላል። ሐጂ ዩሱፍ አለ፤ ሁለት ሚኒባስ አለው፣ ሚኒባሱ ተበላሸም አልተበላሸም እሱ ግን አይቀርም። አብዲ አለ፤ ማዶ ያለው የመለዋወጫ ሱቅ የሱ ነው፣ ደንበኛ ሲመጣ ከወንበሩ ላይ ሆኖ "ግባና ራስህ ፈልገው!" ብሎ ይጮኻል። ዘሪሁን አለ፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽን ይጠግናል፣ ፈረቃው ሲያልቅ ቱታውን ሳያወልቅ ይመጣል። ሳዲያ ደግሞ ከወንበሩ ጎን ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች፤ ስብሰባውን የምትመራው እሷ ናት ብል አልተሳሳትኩም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ወንበሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ግን ማንም አያነሳውም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጋሽ ሙሜ እጅ ይንቀጠቀጣል። ብዙ አይደለም። ሳዲያ ብርጭቆውን እስከ አንገቱ ሞልታ መስጠት ትታለች፤ ግማሽ ትሰጠውና ትንሽ ቆይታ ግማሽ ትደግመዋለች። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቃትም።

ካንዴላ፣ ያችን ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭር ብረት፣ ሲያስገባ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ድሬ ላይ ሞተር እስኪበርድ መጠበቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ መፍቻ አያነሳም። ከደረት ኪሱ ስንዝር የማትሞላ የላስቲክ ቱቦ ያወጣል፣ የካንዴላዋን ራስ ቱቦዋ አፍ ውስጥ ይወትፍና ቱቦዋን በሁለት ጣቱ እያሽከረከረ ያስገባል። ካንዴላዋ ቀጥ ብላ ከገባች ትሄዳለች። ከተንጋደደች ላስቲኳ ሾልካ በባዶ ትዞራለች፤ ያኔ አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። መፍቻ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ለትንሽ ማጥበቂያ ብቻ ነው። እኔ የሳይንስ ሰው ነኝና ይህን ሁሉ የሽማግሌ አመል አድርጌ ነበር የማየው። አፌን ሞልቼ ባልናገርም በሆዴ እስቅ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓርብ መኪናዬ ትንሽ መንገጫገጭ ጀመረች። ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ሙሜ ጁምዓ ሰግዶ ቤቱ ያርፋል፤ ዛፏ ዝግ ናት። ስልኬን ብከፍት አንድ ፂማም ፈረንጅ ካንዴላ በአስር ደቂቃ አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ሲያስገባ ያሳያል። እያፏጨ። "ይህቺ ናት እንዴ?" አልኩ። እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ የማስተምር ሰውዬ ለአራት ካንዴላ ሽማግሌ ልጠብቅ? ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ መኪናዋን አቁሜ፣ ከጎረቤት መፍቻ ተውሼ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። የውጭ በሩን ግን መጀመሪያ ቀርቅሬ ነው። ለምን ቀረቀርክ በሉኝ። ዘመድ እንዳይመጣ ነዋ! ብቻዬን ሠርቼ ብቻዬን ልመሰገን።

ሞተሩ ከትምህርት ቤት መጥቶ ገና ይጋያል። አልጠበቅኩም። ይባስ ብዬ ስልኬን አጥሩ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርኩ፤ የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልለጥፈው። አንደኛዋ ገባች። ሁለተኛዋ ገባች። ሦስተኛዋ ያዝ አደረገችኝ። እናንተ ብትሆኑ ታቆሙ ነበር። እኔ ግን ሃያ ዓመት ያስተማርኳት ነገር ትዝ አለችኝ፤ ይህ ዳገት ነው፣ ዳገት ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። መፍቻውን በሁለት እጄ ጨብጬ ገፋሁ። "ቂርርር" የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ በኋላ በቅቤ ላይ እንደመዞር ቀለለኝ። ወደ ስልኩ ዞሬ አውራ ጣቴን አሳየሁና "እንዲህ ነው!" አልኩ። ግሩፑ ላይ ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ፤ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አበባ ላኩልኝ።

ሰኞ መኪናዋ ትፍ ትፍ ትል ጀመር። ሁለት ቀን ዝም ብላ የቆየችው ለኔ ክብር ይመስለኛል። አስር ሰዓት ላይ እየተነፈሰች ዛፏ ሥር አደረስኳት። ላይኛው ሚስማር ላይ የሐጂ ዩሱፍ ሚኒባስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ቀጥሎ የኔ ነው። ሐጂ ግን "የቲቸር ትቅደም፣ መምህር እግሩ መሬት አይንካ" ብሎ ተራውን ለቀቀልኝ። ጋሽ ሙሜ ሞተሩ እስኪበርድ ሻዩን በሁለት ግማሽ ጠጣ። ከዚያ ተነስቶ ጎንበስ አለ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ቀና ብሎ አየኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ማን ነካት?"

"ማንም" አልኩ።

ሦስት ፊደል ናት። ለምን እንዳልኩ እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ወንበሩ ላይ አብዲ አለ፤ ሁለት ልጆቹ ክፍሌ ውስጥ ናቸው። ሐጂ ዩሱፍ አለ፤ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ "ምሁር ነው" ብሎ ነው የሚጀምረው። ዘሪሁን ከፈረቃው ሲወጣ ይደርሳል፤ ተማሪዬ ነበር። እነሱ ፊት "እኔ ነካኋት፣ ከኢንተርኔት ላይ አይቼ" ማለት ምላሴ ላይ መጣና ተመለሰ። ደግሞስ ምን ይሆናል ብዬ ነበር፤ ጠርጎ ያስገባታል፣ ያልቃል።

ሦስተኛዋን ሲፈታ መሐል ላይ ቆም አለ። አዞረ፣ አሁንም ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የኒሟን ዛፍ አየሁ፤ ቅጠሏ እንዴት ያምራል! ካንዴላዋን አወጣ፣ በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ የደረት ኪሱ ከተታት። ከሳጥኑ አዲስ አውጥቶ በላስቲኳ ሞከረ። ትዞራለች፣ አትይዝም። ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ማለቂያ የላትም። እጁ ደግሞ፣ ሁላችንም እያየነው፣ ይንቀጠቀጣል።

"ጥርሱ የለም" አለ በመጨረሻ።

ላልለመዳችሁት ልንገራችሁ። ካንዴላዋ ብረት ናት፤ የምትገባበት ቀዳዳ ግን አሉሚኒየም ነው፣ ለስላሳ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ዙሪያውን የተቀረጸ ጥርስ አለ፣ ካንዴላዋን ነክሶ የሚይዛት። ያ ጥርስ ከተላጠ ካንዴላዋ የምትይዘው ነገር የላትም፤ ሞተሩ ይተፋታል። ጋሽ ሙሜ "ጥርሱ የለም" ሲል ማን እንዳጠፋው አልተናገረም። ወንበሩ ግን ያየውን አይቷል፤ ካንዴላዋን የነካ አንድ ሰው ነው፣ የዚያ ሰውዬ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ዝም ተባለ። ድሬ ላይ አምስት ሰው ተቀምጦ ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ የኖረበት ያውቀዋል።

ሐጂ ዩሱፍ ተነስቶ ወደ ዛፏ ሄደ። የሚኒባሱን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ ቀስ ብሎ አወረደና "ቸኩዬ ነው" አለ። አስር ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ የሚቸኩል ሰው! ጋሽ ሙሜ "ይሁን ሐጂ" አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም። 

ማክሰኞ ጠዋት በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ "ቲቸር፣ ሰማህ? የጋሽ ሙሜን እጅ" አለኝ። ወሬው ደቻቱን ተሻግሯል። "የሰው ሞተር ጨረሰ አሉ፣ ሚስኪን። ሐጂ እንኳ መኪናውን ሳቢያን ሌላ መካኒክ ጋ ወሰደ።" አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ጋሽ ሙሜ ጡረታ የለው፣ ሱቅ የለው። ያለው ስሙና ስምንት ሚስማር ነው። ሐጂ አንዱን ባዶ አደረገ፤ ወሬው ሁለት ቀን ካደረ ሰባቱም ባዶ ይሆናሉ። ይህን ያደረገው የሱ እጅ አይደለም፣ የኔ ሦስት ፊደል ነው። በዚያን ቀን ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ አላውቀውማ።

አስር ሰዓት ላይ ዛፏ ሥር ስደርስ ያየሁት አንጀቴን በላው። ጋሽ ሙሜ መሬት ላይ ጆንያ ዘርግቷል። ያችን የአርባ ዓመት የብረት ሳጥኑን ከፍቶ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ፣ በጨርቅ እየጠረገ፣ ጆንያው ላይ በመስመር ይደረድራል። መፍቻው በመፍቻ፣ መዶሻው በመዶሻ። ወንበሩ ሙሉ ነው፤ ሐጂም አለ፣ መኪናውን ወሰደ እንጂ ራሱን አልወሰደም።  ሳዲያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ታብሳለች። ሰውዬው ዕቃውን ሊያስረክብ ነው። ሊያቆም ነው።

መጀመሪያ የፈነዳችው ሳዲያ ናት። "እኔ ነኝ!" አለች። "ወላሂ እኔ ነኝ! ትናንት ሻይ ሳቀብለው ክርኑን ነክቼዋለሁ። እሱ ምን ያድርግ?" ሻዩን የጠጣው ከሥራው በፊት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ትንፍሽ አላለም።

አብዲ ተነሳ። "ሳዲያ ዝም በይ። ዕቃው ነው። እኔ የሸጥኩት ካንዴላ ፎርጅድ ነው።" እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በመለዋወጫ ነጋዴዎች ታሪክ በገዛ አፉ "ዕቃዬ ፎርጅድ ነው" ያለ ሰው አብዲ የመጀመሪያው ይመስለኛል። በዚያ ላይ ካንዴላዎቹን ከሱ አልገዛሁም፤ ከሌላ ሱቅ በመግዛቴ ያን ጊዜ አንድ ሳምንት አኩርፎኝ ነበር።

ዘሪሁን ቀጠለ፤ "ጋሽ ሙሜ፣ ይቅር በለኝ፣ ትናንት ዘወር ስትል መፍቻውን አንስቼ እኔ ነኝ ከመጠን በላይ ያጠበቅኳት።" ሰኞ ዘሪሁን የደረሰው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ፓርክ ውስጥ ማሽን ሥር ተኝቷል። ሐጂ ዩሱፍ ሲያይ ቆየና ወገቡን ይዞ ተነሳ። "ዓይኔ ነው" አለ። "የሙሜን ሥራ አየሁና አደነቅኩ፣ ማሻላህ ማለት ረሳሁ። ዓይኔ ነው የበላው።"

ጋሽ ሙሜ ከጆንያው ላይ ቀና ሳይል "አንዲት ካንዴላ ናት" አለ፤ "ለአራት ሰው አትደርስም።"

 እነዚህ ሰዎች ያላጠፉትን እየተናጠቁ እኔ ያጠፋሁትን ደብቄ እቆማለሁ? ወደፊት ወጣሁ።  "እኔ ነኝ" አልኩ። "ዓርብ ዕለት ቤቴ ውስጥ እኔ ነኝ ያስገባኋት። አጣምሜ። ጥርሱን የላጥኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሙሜ 'ማን ነካት' ሲለኝ ዋሸሁ።"

ምን የሆኑ ይመስላችኋል? ደነገጡ? ሰደቡኝ? ሳዲያ ደረቷን ይዛ "የኔ ጌታ!" አለች፣ "ቲቸር እንኳ ለጋሽ ሙሜ ብሎ ዋሸ!" ሐጂ ዩሱፍ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ልብህን አላህ ይይልህ፤ ግን ውሸት አታውቅበትም፣ ያስታውቅብሃል" አለኝ። "ሐቂቃ ነው የምልህ!" ብዬ ብጮህ ዘሪሁን ሳቀ። "ቲቸር፣ ባለፈው ጎማህን ማን ነው የቀየረልህ? አንተ ኮፈን የሚከፈትበትን እጀታ እንኳ በቅጡ አታውቀውም።" ንጹሕነቴን በማስረጃ አረጋገጡልኝ። ሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የሚከራከርበት ፍርድ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠበቃ አጣሁ።

መውጫ አልነበረኝም። ስልኬን አወጣሁ። ግሩፑን ከፈትኩ፣ የርዕሰ መምህሩን አበባ አልፌ ወጣሁ፣ ቪዲዮውን አጫወትኩት። አምስት ራስ ስልኬ ላይ ተደፋ። አንደኛዋ ስትገባ "እህ" አሉ። ሁለተኛዋ ስትገባ ዝም አሉ። ሦስተኛዋ ላይ መፍቻውን በሁለት እጄ ስጨብጥ አብዲ "ኧረ ተው! ተው አቦ!" አለ፣ ያለፈውን ነገር ሊያስቆም። "ቂርርር" ሲል ዘሪሁን የራሱ ጥርስ እንደተላጠ ሁሉ አገጩን ያዘ። ከዚያ ያ ፊቴ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ አውራ ጣቱን አቅንቶ "እንዲህ ነው!" አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምስጋናዬ ከልብ ነበር። አብዲ ግን ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል "ይህቺን ላክልኝ፣ ለማስታወሻ" አለኝ። እምቢ የማለት ወኔ አልነበረኝም፤ ላክሁለት።

ከዚያ ጋሽ ሙሜ እጁን የደረት ኪሱ ከተተና ሦስተኛዋን ካንዴላ አወጣ። ወገቧ ላይ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ክር ተጠምጥሞባታል። መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

"ስትወጣ ነግራኛለች" አለ። "ተንጋዳ የገባች ካንዴላ ስትወጣ ትናገራለች።"

"አውቀህ ነበር?" አልኩ።

"ጠየቅኩህ። 'ማንም' አልክ። ሰው 'ማንም' ካለኝ ራሱን ማለቱ ነው፤ ስንቱን አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ስምህን እያነሱ፣ እጅህን እያነሱ..."

እጁን ዘርግቶ አየው። ይንቀጠቀጥ ነበር። "እጄማ ይንቀጠቀጣል፣ ውሸት አላሉም። ካንዴላ ግን የማስገባው በላስቲኳ ነው፤ እጄ ደህና በነበረ ጊዜም በሷ ነበር። እነሱ ረሱት።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ወንበሩ ግን ሰማው። "አንተ መምህር ነህ። የአብዲ ልጆች ፊትህ ይቀመጣሉ። ራስህ እስክትናገር ብጠብቅህ ይሻላል አልኩ። ማታ ትመጣለህ ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን አስመሸኸኝ።"

 አፈርኩ። አላለቀስኩም ብላችሁ አታምኑኝም። ሳዲያ ቶሎ ብላ ሻይ ሰጠችኝ፤ ለኔም ግማሽ ብርጭቆ።

"እሺ" አለ ዘሪሁን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ታዲያ ዕቃህን ለምን ትሰበስባለህ? ልታቆም አይደለም እንዴ?"

ጋሽ ሙሜ ጆንያውን አየ፣ እኛን አየ፣ ገና አሁን የገባው ይመስል። "ላቆም?" አለ። "ጥርስ ማውጫዋን እየፈለግኩ ነው እኮ! ከሥር ነው ያለችው። ከጠዋት ጀምሮ ሳጥኑን ስገለብጥ አንዳችሁ መጥታችሁ አታግዙም፣ ተደርድራችሁ ታለቅሳላችሁ!" ይህን ብሎ እጁን እስከ ክርኑ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና የምድር ባቡር ዘመን የሆነች፣ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለች ብረት አወጣ። ከሷ ጋር አንዲት የወተት ቆርቆሮ። ቆርቆሮዋ ውስጥ ከውጭም ከውስጥም ጥርስ ያላቸው፣ እንደ ቀለበት ያሉ ትናንሽ ቡሾች ይንኳኳሉ።

ሥራውን ልነግራችሁ ይገባል፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ዝም ብሎ ሲያይ ያየሁበት ጊዜ የለምና። ብረቷን በግራሶ ለቀለቃት፣ የሚፋቀው አሉሚኒየም ግራሶው ላይ ይቀር እንጂ ሞተሩ ውስጥ እንዳይወድቅ። ሁለቱን ክርኖቹን ሞተሩ ላይ አስደገፈ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ያወጣል፣ ይጠርጋል፣ አዲስ ግራሶ፣ እንደገና ግማሽ ወደፊት። አልቸኮለም፣ አልገፋም። ቀዳዳው ሰፍቶ አዲስ ጥርስ ሲያወጣ ቡሿን በውስጡ አጠበቃት፤ የድሮው ቀዳዳ በአሉሚኒየም ፋንታ አሁን የብረት ጥርስ አለው። "ከእንግዲህ የቲቸር ጉልበት እንኳ አይልጠውም" አለ ዘሪሁን፤ እንደ ቀልድ አለፍኩት።

"ና" አለኝ ጋሽ ሙሜ። ላስቲኳን ሰጠኝ። "አስገባ።"

በሁለት ጣቴ ያዝኳት። አዞርኩ። ላስቲኳ ሾለከች። አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። በሦስተኛው ካንዴላዋ ሄደች። ዳገቱ በጣቶቼ ሥር ሲዞር ተሰማኝ፤ ሃያ ዓመት ያወራሁለት ዳገት፣ ያለ አንዳች ጉልበት። "እምቢ ስትልህ አቁም" አለኝ ጋሽ ሙሜ። "ሌላ ትምህርት የለውም።" መኪናዋ ስትነሳ ድምፅዋ አላነጠሰም፣ አልተፋም። ዘሪሁን መፍቻ ይዞ ተጠጋና "ለጥንቃቄ አንድ ዙር ልጨምርላት?" ሲል ወንበሩ በሙሉ፣ በአራት ቋንቋ፣ "ተው!" አለ።

ሐጂ ዩሱፍ እየጠበቀ ነበር። የሚኒባሱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ወደ ላይኛው ሚስማር እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሙሜ ሳያየው "ከሥር ነው ሐጂ" አለ። "ቸኩለህ ወሰድካት፣ ስትመለስ ወረፋ ያዝ።" ሐጂ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱ እየጮኸ፣ ቁልፉን የመጨረሻው ሚስማር ላይ ሰቀለ። ማሻላህ ማለትም አልረሳም። እውነተኛውን ወሬ ደቻቱን መልሶ ያሻገረው ደግሞ ያው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ከኮሮላዬ ፊት ፊት ሲነዳ በመስታወቱ አየኝና ትምህርት ቤት እስክንደርስ ትከሻው በሳቅ ይነቀነቅ ነበር።

ያ የቀላል መሣሪያዎች ምዕራፍ በቀደም ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ብሎኔን ሣልኩ፣ ጠመኔዬን ቀሰርኩ፣ "ብሎን ማለት በምሰሶ ላይ የተጠመጠመ..." ብዬ ገና ሳልጨርስ ከኋላ ወንበር "ቂርርር" የሚል ድምፅ መጣ።  የአብዲ ልጆች መስኮቱን እያዩ ነበር፤ ውጭ ያለችው ኒም ቅጠሏ እንዴት ያምራል። ዞሬ ስልሳውንም አየኋቸው። "ማን ነው?" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ድሬ ናት፤ ብጠይቅ ስልሳ እጅ ይነሳል።